ያልሞከርኩት ባክአፕ

ሰነፍ ነኝ፤ አልክድም። ኬንያ ሞያሌ ውስጥ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም የዳበል መንደር ከብት አርቢውም በሚታከምባት አንዲት የግል ክሊኒክ ኮምፒውተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የበሽተኛው ሁሉ ታሪክ ያለው እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ማታ ልንዘጋ ስንል ደግሞ ያንን ሁሉ በእጄ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነበረብኝ። ኧረ ሲሰለች! ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔ ስክሪን ላይ አፈጣለሁ።

አንድ ቀን በቃኝ አልኩና ሼል ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው። በየማታው ዳታቤዙን ራሱ ገልብጦ በኔትወርክ ገመድ አድርጎ ዕቃ ክፍል ውስጥ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተር ይልካል። ፉንዲ፣ ባለሙያ ማለት ነው፣ እያሉ አሞካሹኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ባክአፑ፣ ማለትም ቅጂው፣ ተመልሶ ይከፈት አይከፈት ግን ሞክሬው አላውቅም።

ከዚያ ወባ ጣለኝ። ተሽሎኝ በተመለስኩበት ጠዋት ጄኔሬተሩ ገና ሲነሳ ዋናውን ኮምፒውተር አቃጠለው። ወዲያው አንዲት እናት ትንፋሽ ያጠረው ሕፃኗን ታቅፋ ገባች።

«ባለፈው እዚሁ ስትወጉት አብጦ ሊሞትብኝ ነበር» አለች በኦሮምኛ።

በምን እንደተወጋ አታውቅም። የወጋችው ነርስ ኦቦ የምትባል መንደር ሄዳለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ያለን ደግሞ ሁለት ዓይነት መርፌ ብቻ ነው። አንዱ ያድነዋል፣ አንዱ ይገድለዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም።

«አንተ፣ ያንን ቅጂህን ክፈተው!» አለችኝ ዶክተሯ።

«ዶክተር፣ እሺ ካለኝ...»

«እሺ ካለኝ? ልጁ እኮ እያለቀብን ነው!»

ዕቃ ክፍል ገብቼ በስመ አብ አልኩና ትእዛዙን ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልመጣም። ከዚያ መስመሩ መውረድ ጀመረ። ጉድ ነው እናንተ! አገሩ በሙሉ፣ ስም በስም ላይ፣ አንድ ሳይጎድል ይመጣል። የሕፃኑን ስም ፈለግኩ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላል።

ዶክተሯ በሌላኛው ወጋችው። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ጡት ያዘ። እናቱ «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ። የእኔ ዓይን ግን ነርሷ ማስታወሻውን የጻፈችበት ቀን ላይ ተተክሏል። ያን ቀን እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ እቃዥ ነበር። ስክሪፕቱ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ሥራውን ሠርቷል። ገረመኝ ብቻ ብል ውሸት ነው፤ ፈራሁት። በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ያን ማታ የሚገለብጥ ሰው አልነበረም።