ቋጠሮዬን ማን ፈታው?

ይህ የሆነው አምና፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሸዋ ሮቢት ባለው ግቢያችን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ መርሳት ድሮም ልማዴ ነው። የባሌ እህት በዚያን ቀን እየሳቀች የተናገረችውን ግን አልረሳሁትም። ስሟን አልጽፍም። ካነበበችው ራሷን ታውቃለች።

መነሻው የልጅ ልጄ ትዕግሥት ናት። አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ስትኖር ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ደብተሯን ትጥላለች፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለባት ተባለ። መድኃኒት ተጀመረላት፤ እህል አላስቀምስ፣ እንቅልፍ አላስተኛ አላት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን አስቆመና፣ "እስቲ በሌላ መንገድ እንሞክር። ውሎዋ ቋሚ ይሁን፣ እየተንቀሳቀሰች ትማር፣ አጠገቧ ሰው አይጥፋ" አለ። ልጄ በጠዋት ወጥታ ሲመሽ የምትገባ ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ለአንድ ዓመት እኔ ዘንድ አመጣቻት።

ልጄ የሐኪሙን ቃል ስትነግረኝ ደነገጥኩ። የምታወራው ስለ እኔ መሰለኝ። እኔን ያየኝ ሐኪም የለም፤ ስም ግን ከወጣልኝ ቆይቷል። "ልበ ቢስ" ነበር የምባለው። ስሙን ያወጣችልኝ የባሌ እህት ናት።

ለራሴ ዘዴ ነበረኝ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ እሷም እንደኔ ሳትሆን አትቀርም። መርሳት የሌለብኝን ነገር የነጠላዬ ጫፍ ላይ እቋጥራለሁ። ለአንድ ነገር አንድ ቋጠሮ። ነገሩ ሲፈጸም ይፈታል፤ ሳይፈጸም አይፈታም። ለትዕግሥትም ያንኑ አስተማርኳት፤ በሻርፗ ጫፍ ትቋጥራለች። ስታጠና ቁጭ በይ አልላትም። በመስኖው ቦይ ዳር እየሄደች ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላዋ እላለሁ። ሲደክመኝ እንቀመጥና እጇ ማሾ እየፈለፈለ አፏ ያነባል። ጫማዋ፣ ቦርሳዋ፣ ቁልፉ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። መድኃኒት የተስማማው ሰው ይውሰድ፤ እኔ ምን አገባኝ። ለእሷ ግን ይህ ሠራላት። አስተማሪዋ እንኳ "ይቺ ልጅ ምን አገኘች?" ብሎ ጠይቆኛል።

በዚያን ቀን ልጄ ትዕግሥትን ልታይ መጥታ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ሽንኩርት እየለየን ነበር። የባሌ እህት መጣች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንድ ግቢ ስንኖር "እትዬ" እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ስሟን ትዕግሥት ስትሏት እግሯን አላማከራችሁም እንዴ? ኧረ አንድ ቦታ እረፊ አንቺ ልጅ!" ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። "ምን ነክቶሽ ነው ልጅሽን እዚህ የጣልሻት? እናትሽ መቀነቷን የት እንዳስቀመጠች የማታውቅ! ልበ ቢስ ልብ ያስተምራል? ይልቅ ይዘሻት ሂጂ።"

ልጄ ቀና ሳትል ሽንኩርቱን መለየት ቀጠለች። ስለ እኔ የሰማችውን ሁሉ የሰማችው ከዚህችው ከአክስቷ ነው። ትዕግሥትን ትወስድብኛለች ብዬ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ እኔን የምትመስል ሰው ያገኘሁት ገና ያን ዓመት ነበር።

ትዕግሥት ግን አላስቻላትም። ሻርፗን ዘርግታ፣ "እማማ አትረሳም! ይኸው እንዲህ ትቋጥራለች፣ እኔም እቋጥራለሁ" አለች።

የባሌ እህት ቋጠሮውን አየችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ወይ ጉድ! አሁንም ቋጠሮ? እኔ አልነበርኩ እንዴ የምፈታላት! ማዕድ ቤት ስትገባ ነጠላዋን ችንካር ላይ ትሰቅላለች፣ እኔ ፍትት! ከዚያ 'ምን ነበር? ምን ነበር?' እያለች ስትራወጥ ማየት ነው!"

የያዝኩት ሽንኩርት ከእጄ ወደቀ።

"የውሃውንም ጊዜ?" አልኳት።

"የቱን ውሃ?"

"የውሃ ተራችንን።"

ሳቋ ቆመ።

ለማያውቅ ልንገር። ሽንኩርታችን የሚለማው በመስኖ ነው፤ ውሃ የሚደርሰን በተራ ነው። ተራውን የሚደለድለው የውሃ አባት፣ በሰዓቱ ቦዩን ያልከፈተን ሰው አይጠብቅም፤ ለቀጣዩ ያሳልፈዋል። ልጄ ገና ትንሽ ሳለች ባሌ አጣዬ ገበያ ሲሄድ ተራችንን አደራ አለኝ። ቋጠርኩ። ምሳ ሠርቼ ስወጣ የነጠላዬ ጫፍ ምንም የለበትም። ተራው አለፈን። ገና የተተከለው ችግኝ በቆላው ፀሐይ ክው ብሎ ቀረ። ባሌ እጁን አላነሳብኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ በምንም አላመነኝም። ማሳውን እንድታስተዳድር ለእህቱ ሰጣት።

የሚያንገበግበኝ ማሳው አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን "ማን ፈታብኝ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ቋጠሮውን በጥርሴ ጭምር ማጥበቄን እያስታወስኩ፣ "ሳልቋጥር ቀርቼ ነው" ብዬ የራሴን ትዝታ ውሸታም አደረግኩት። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ።

"ቀልድ ነበር እኮ" አለች። "የድሮ ነገር። ልጅነት ነው።"

"የልጆች እናት አልነበርሽም እንዴ?" አልኳት። አንቺ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ብድግ አለች። "አክስቴ፣ 'እናትሽ ማሳውን አደረቀችው' እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት" አለቻት።

የባሌ እህት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ይቅርታ አላለችም። ለእንቁጣጣሽ ሽማግሌ ላከችብኝ። "መቃብሩ ላይ ሄዳ ለወንድሟ ትንገረው፤ ከዚያ እንነጋገራለን" ብዬ መለስኳቸው። እስካሁን አልሄደችም።

ትዕግሥት እኔው ጋ ቀረች። ሁለታችንም አሁን የምንቋጥረው መቀነታችን ላይ ነው፤ ችንካር ላይ አይሰቀልም።

ቂም አይያዝም የሚሉኝ አሉ። እነሱ ቋጠሯቸውን የፈታባቸው የለም። እኔ ዛሬም ያለፈውን ሳስብ እደነግጣለሁ። ስንቱን እኔ ረሳሁት፣ ስንቱን እሷ ፈታችው? ይህን የሚለይልኝ ሰው የለም።

በቀደም ወጥ ጥጄ ከትዕግሥት ጋር ቦይ ዳር ስንሄድ አረረብኝ። ሮጬ ስገባ መጀመሪያ የዳሰስኩት መቀነቴን ነው። ቋጠሮ አልነበረበትም፤ ሳልቋጥር ነው የወጣሁት። "ይቺስ የራሴ ናት" አልኩና ድስቱን እየሳቅኩ ፈገፈግኩ።