ለሠርክ አበባ ስም ስናወጣ

መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ላይ ነው። ኮሌጃችን ውስጥ ስለ ዓሣ የሚያስተምር ባልደረባዬ፣ ሴት ከማይገባበት አንድ የጣና ደሴት ገዳም ተመልሶ፣ ጫማው ገና ሳይደርቅ ወደ ቢሮዬ መጣ። የውኃ ናሙና ሊቀዳ ነበር የሄደው። አንድ ያረጀ ዶቅማ ዛፍ ላይ ነጭ አበባ አይቶ፣ እኔ እንደምወድ ስለሚያውቅ ፎቶ አንሥቶልኝ ነበርና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

እኔ የማስተምረው ስለ ዕፅዋት ነው። የሐይቁን ዙሪያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከተማሪነቴ ጀምሮ ዞሬያቸዋለሁ። አፈር ሳይነኩ፣ ሥሮቻቸውን ቅርንጫፍ ላይ ጠምጥመው በዝናብና በጉም የሚኖሩትን ኦርኪዶች አብዛኛዎቹን በቅጠላቸው ብቻ እለያቸዋለሁ። ይህን ግን አላወቅሁትም። ከአበባው ጀርባ ቀጭን ጅራት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። የእነዚህ አበቦች ማር የሚጠራቀመው እዚያ ጅራት ውስጥ ነው። የማውቃቸው ዘመዶቹ ጅራታቸው አጭር ነው፤ የዚህ ግን ወርዶ ወርዶ፣ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ይመለሳል። ፎቶውን እያሰፋሁ፣ እየመለስሁ አየሁት። ባልደረባዬ የተበላሸ ፎቶ ያመጣልኝ መስሎት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ።

የዚያኑ ቀን ፎቶውን ውጭ አገር ላሉ አንዲት ምሁር ላክሁላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአፍሪካ ኦርኪዶች ላይ የሠሩ ሴት ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ በፎቶ ብቻ ምንም ማለት እንደማይቻል፣ የታወቀው ዝርያ መልኩን ለውጦ ሊሆን እንደሚችል፣ ተክሉ ራሱ በእጅ ካልገባ ነገሩ እዚያው እንደሚቀር ጻፉልኝ። ትክክል ነበሩ። አንድ ተክል አዲስ ነው ተብሎ ስም የሚወጣለት፣ ደርቆ የሚቀመጥ፣ ማንም ሄዶ ሊያየው የሚችል ናሙና ሲኖር ነው።

ባልደረባዬ ተመልሶ ሄዶ ሊቆርጥልኝ ፈቃደኛ ነበር። ሳያስፈቅድ እንዳይነካው ነገርሁትና አብረን ሄድን። ጀልባችን የደሴቱ ወደብ ላይ ስትቆም እሱ ወረደ፤ እኔ ሻሼን አስተካክዬ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጥሁ። እኔ ባሕር ዳር ጨርቅ ሲነግድ የኖረ የአንድ ሙስሊም ልጅ ነኝ፤ ያ ደሴት በሁለት በኩል የማይከፈትልኝ ነበር። ከውኃው ላይ ሆኜ ደኑን አየሁት። ከዳር እስከ ጫፍ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከውስጡ የወፍ ድምፅ ብቻ ይወጣል። እዚያ ውስጥ፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስ ርቀት፣ ማንም በስሙ ጠርቶት የማያውቅ ነገር አብቧል ብዬ ሳስብ ልቤ ፈራ።

ብዙም ሳይቆይ የገዳሙ አበምኔት ራሳቸው ከባልደረባዬ ጋር ወደ ወደቡ ወረዱ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን አባት ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። አባቴን ያውቁት ኖሯል። ለገዳሙ አቡጀዴ ከእሱ ይገዙ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዚያ ስለ አበባው ጠየቁኝ።

«ስም የለውም ነው የምትይኝ?»

«እርስዎ የሚጠሩበት ስም ከሌለ አባ፣ እኛ ዘንድ የለውም።»

«እኛም የዛፍ አበባ ነው የምንለው። ስም ይሻል ብዬ አስቤም አላውቅ።» ወደ ደኑ ዞሩ። «ከዚህ ደን ቅርንጫፍ አይቆረጥም ልጄ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቃል ነው። ነፋስ ከጣለው ግን የወደቀ ነው፤ እልክልሻለሁ።»

አመስግኜ ተመለስሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በትሕትና የተነገረኝ እንቢታ ነው ብዬ ነበር የተቀበልሁት። ክረምቱ አለፈ፤ በጋውም አለፈ። ለተማሪዎቼ ፎቶውን አሳየኋቸው፤ ከዚያ ከዚህ በማነበው ውስጥ ያን ጅራት እየፈለግሁ ከረምሁ፤ አላገኘሁትም።

በዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከብርቱ ነፋስ ጋር መጣ። ባሕር ዳር የመንገድ ዳር ዘንባባዎች ተጎነበሱ፤ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ተነቅሎ ግቢያችን ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ከጀልባ መናኸሪያው ተደወለልኝ። የገዳሙ ጀልባ ቀዛፊ ዕቃ ይዞልኝ እንደመጣ ነገሩኝ። ስደርስ በረጠበ የማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል የዶቅማ ቅርንጫፍ ሰጠኝ። «አባ ‹ነፋሱ ጥሎታል በላት› ብለውኛል» አለኝ። ማዳበሪያውን ስገልጠው ግራጫ ሥሮቹ እንደ ገመድ ቅርንጫፉን አቅፈውታል፤ ቅጠሎቹ አልተቀጠፉም። ከመካከላቸው አንድ ዘለላ እምቡጥ ወጥቷል። በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ ስይዘው ቀዛፊው ከባድ መስሎት ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ።

ቅርንጫፉን ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ወስጄ በረንዳው ላይ ሰቀልሁት። እናቴ ምን እንደሆነ ጠይቃ፣ ስነግራት የደረቀ እንጨት ለዚህ ሁሉ ያበቃል ወይ አለችኝ። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ውኃ የምትረጨው እሷ ነበረች። እምቡጦቹ ቀስ እያሉ ነጡ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የታችኛው ተከፍቶ አገኘሁት። የአበባው ቅጠሎች ነጭ ሆነው ግርጌያቸው ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳሉ፤ ጅራቱ ከፎቶው ይልቅ ይረዝማል። ብርሃን ላይ ሲያዩት፣ ውስጡ ያለው ማር የት ድረስ እንደቆመ ይታያል። አጎንብሼ አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። እንዲህ ያለ አበባ ሽታ የሌለው መሆኑ አስገረመኝ።

ፀሐይ ጠልቃ እናቴ መግሪብ ሰግዳ ስትጨርስ ከክፍሏ ወጣች። ማን ሽቶ እንደተቀባ ጠየቀች። ቤት ውስጥ ከእኛ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። ወዲያው ለእኔም ደረሰኝ፤ እንደ ሎሚ አበባ ያለ፣ ግን ከሱ የሚቀዘቅዝ ሽታ። በረንዳ ወጣን። ቀን ምንም የማይሸተው አበባ፣ አየሩ ገና ሰማያዊ ሳለ ግቢውን ሞልቶታል። እናቴ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ቆምሁ። እንደዚያ ሆነን ሳለን አንድ ትልቅ የእሳት ራት ከአጥሩ በላይ መጣ። ክንፉ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። አበባው ፊት አየር ላይ ቆሞ፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠመጠመ ምላሱን ዘረጋና እዚያ ረጅም ጅራት ውስጥ እስከ መጨረሻው ከተተው።

እናቴ «ሱብሐነላህ» አለች። እኔ ይህን ነገር ከመጽሐፍ አስተምሬዋለሁ፤ አበባና የእሳት ራት እንዴት እንደሚመጣጠኑ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። በዓይኔ ሳየው ግን የማውቀው ሁሉ ትንሽ ሆነብኝ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከደን የመጣ አበባ፣ ሰው ቤት በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ የራሱ እንግዳ ፈልጎ አገኘው።

ቀጥሎ የመጣው ከባድ ነበር። ናሙና ለማዘጋጀት መቁረጥ ያስፈልጋል። ሁለት አበባና አንድ ቅጠል ቆርጬ፣ አንዱን አበባ ፈሳሽ ውስጥ ከተትሁት፤ ሌላውን ከቅጠሉ ጋር በጋዜጣ መካከል አድርጌ ተጫንሁት። ስቆርጥ እናቴ አላየችም፤ ፊቷን አዙራ ቆመች። የቀረውን ተክል ከነቅርንጫፉ ወደ ገዳሙ መለስነው። መነኮሳቱ ሌላ ዶቅማ ላይ በገመድ አሰሩት።

ናሙናውን አዲስ አበባ፣ የደረቁ ዕፅዋት ወደሚቀመጡበት ክፍል ይዤ ሄድሁ። እዚያ የዘመዶቹን የድሮ ናሙናዎች ቁምሳጥን ከቁምሳጥን እየከፈትሁ፣ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ከንፈር የሚባለው የአበባው ክፍል ቅርጽ፣ የብናኙ መቀመጫ፣ የጅራቱ መታጠፍ፣ ሁሉም ከሌሎቹ ይለያል። ምስሎቹንና ልኬቱን ለምሁሯ ላክሁላቸው። በዚህ ጊዜ መልሳቸው ረጅም ነበር፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አሁንም በቃሌ ነው፤ «አምኛለሁ፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም» ይላል።

የተክል ስም ሁለት ቃል ነው። አንደኛውን ከዘመዶቹ ጋር ይጋራዋል፤ እሱ ተወስኖልን ነበር። ሁለተኛው የራሱ ነው። ባልደረባዬ ስሜን እንድሰጠው ፈለገ፤ ሰው ለራሱ አያወጣም አልሁት። ምሁሯ የደሴቱ ስም ይሁን አሉ። እኔ ደግሞ የደሴቱ ስም ከተጻፈ፣ ኦርኪድ እየነቀሉ የሚሸጡ ሰዎች መንገዱን ያገኙታል ብዬ ፈራሁ። ግራ ሲገባኝ እንደገና ወደ ወደቡ ሄድሁና አበምኔቱን አማከርኋቸው። የእርስዎ ስም ቢሆንስ ብላቸው ሳቁና፣ መነኩሴ ስሙን ትቶ የመጣ ነው አሉኝ። ከዚያ ስለ ሽታው ነገርኋቸው።

«እናትሽ ያንን ሰዓት ምን ትለዋለች?»

«መግሪብ፣ አባ።»

«እኛ ሠርክ እንለዋለን። እሷም እኛም ለጸሎት የምንቆምበት ነው። ሰዓቱን ራሱ መርጧል፤ እናንተ ምን ትደክማላችሁ?»

በዚያ ተስማማን። ሠርክ የሚለው የግእዝ ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ በላቲን ሰዋስው ጫፉ ተበጅቶ ታተመ። ቦታው የተገለጸው «የጣና ሐይቅ ደሴት» ተብሎ ብቻ ነው። ናሙናውን ያስረከብሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ስም የጸናባቸው ናሙናዎች በሚቀመጡበት ቀይ አቃፊ ውስጥ አስገባልኝ። በዝግታ ዘጋውና፣ ከእንግዲህ ይህን አበባ አይቻለሁ የሚል ሁሉ ከዚህ ጋር ማመሳከር አለበት አለኝ። «ሁሉ» ያለው ገና ያልተወለዱ ሰዎችንም እንደሚጨምር ወደ መናኸሪያ ስሄድ ታወቀኝ፤ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርሁ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ክረምት ተማሪዎቼን ይዤ፣ ሴትም ወንድም ወደሚገባበት ወደ ሌላ ደሴት ሄጄ ነበር። ከቡና ተክሎች መካከል ቆመን ስለ ጥላ ዛፎች እየነገርኋቸው ሳለ አንዷ ልጅ ወደ ላይ ጠቆመች። ትልቅ ዶቅማ ነው። አንዱ ቅርንጫፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው፤ ጅራቶቹ በነፋስ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ትምህርቱን አቋረጥሁ። ረጠብ ያለው ቅጠል ላይ በጀርባዬ ተጋደምሁና አየሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቤ ተጋደሙ፤ ጀልባው እስኪጠራን ድረስ አብረን ወደ ላይ አየን።