ሰባት ቤት የተቆጠረበት ወረቀት

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። በመስኮቱ በኩል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጥሬው አላውቅም፤ «ላሚኔት የተደረገ አንቀበልም። ማኅተም አይዝም። ኦርጅናሉን እንዳለ ያምጡ።» ሰው ይቆጣል፣ ይለምናል፣ አንዳንዱማ ፕላስቲኩን እዚያው ፊቴ ቆሞ በጥፍሩ ሊልጠው ይታገላል። የኔ ፊት አይጠቁርም፣ አይፈታምም። ቀጣዩን ተረኛ እጠራለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ማመካኛ እንዳላገኝ ነው። የአባቴን ወረቀቶች ላሚኔት ያስደረግኩት እያወቅኩ ነው።

አባቴ ባለሱቅ ነበር። በሰሜን፣ ብርድ ከማይለያት አንዲት የተራራ ከተማ ውስጥ ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ደብተርና የጎማ ጫማ ይሸጥ ነበር። ቤተ እስራኤል ነው። የከተማዋ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ሱቁን አይከፍትም። ገጠሬው ሁሉ አህያውን ጭኖ በሚመጣበት ቀን የአባቴ በር ተቆልፎ ይውላል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቁጭ ይልና የገበያውን ጫጫታ ይሰማል። እናቴ ክርስቲያን ስለነበረች ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። እንዴት አብረው ኖሩ ብለው ሲጠይቁኝ «ሳምንቱን ተካፍለውት» እላለሁ። ቀልዱ የኔ ነው፤ እነሱ ስቀውበት አያውቁም።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ጀሞ አመጣሁት፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና በሲባጎ የታሰረ አንድ የዘይት ካርቶን ነው። ካርቶኑን ማንም እንዲነካው አይፈልግም ነበር። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ዘመዶቹ የላኳቸው ደብዳቤዎች አሉ። ጾምና በዓላቱን በጨረቃ እያሰላ የጻፈበት ደብተር አለ። ለማዘጋጃ ቤቱ ያዘጋጃቸው የማመልከቻ ረቂቆችም አሉ፤ ቅዳሜ የሚዘጋው በሃይማኖቱ እንጂ በሥራ ፈትነት እንዳልሆነና የንግድ ፈቃዱ እንዳይነጠቅ የሚለምንባቸው። አምስት ረቂቅ ነው። የመጀመሪያው ላይ ቀና ብሎ ይናገራል፤ እያለ እያለ አምስተኛው ላይ መሬት ይስማል። ያንን አምስተኛውን አንብቤ መልሼ አጥፌዋለሁ። የትኛውን እንዳስገባ አላውቅም፤ ፈቃዱ ግን አልተነጠቀም።

ከሁሉም በላይ የሚሳሳለት አንድ ትልቅ ሉክ ወረቀት ነበር። በቤተ እስራኤል ዘንድ ሁለት ሰው ከመጋባቱ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። ቆጠራው በአፍ ነው። ዘመዶቹ ወደ እስራኤል መሄድ በጀመሩበት ሰሞን ግን አባቴ ሽማግሌዎቹን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ የሚሉትን ሁሉ በጠርሙስ ቀለም ጻፈው። ከላይ የጥንቶቹ ናቸው። እየወረደ እየወረደ ይመጣና ከታች እሱና አንዲት እህቱ አሉ። ከእህቱ ሥር ሴት ልጇ ተጽፋለች። ከእሱ ሥር ምንም የለም።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። «እኔስ?» አልኩት።

«ይሄ ለጉዳይ የተጻፈ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ በኋላ ጠይቄው አላውቅም። አሞኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም አሞኛል። እሱ ራሱ ወደ እስራኤል ልሂድ ብሎ አመልክቶ አያውቅም። እኛን ጥሎ ላለመሄድ እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። ይህን እያወቅኩም ከስሙ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ መርሳት አልቻልኩም።

አባቴ እኔ ቤት ነው የሞተው። የሕንፃችን ዕድር ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ውሃ ያልደረሰው ማን ነው እያልኩ ስዞር ነበር። ጎረቤቶቼ ጠንካራ ነች አሉ። ጥንካሬ አልነበረም። ጥርስ ሲነቀል ከተወጉ በኋላ ከንፈር የራስ እንዳልሆነ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው፤ እኔን ሙሉ ሰውነቴን እንደዚያ አደረገኝ። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ካርቶኑን ተሸክሜ ከታክሲው ተራ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ።

«ሁሉንም?» አለችኝ ልጅቷ።

«ሁሉንም።»

ላስቲክ ዱካ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ወረቀቱ በአንድ በኩል ደብዝዞ ይገባል፣ በሌላ በኩል እያብለጨለጨና እየጋለ ይወጣል። «አሁን የልጅ ልጅሽም ያየዋል» አለች። መስኮት ላይ የምለውን ረስቼው አይደለም። አፌ ላይ ነበር። እጄ ግን አንዱን ሲቀበላት ሌላውን ያቀብላታል። የሰባት ቤቱ ተራ ሲደርስ ለማሽኑ ሰፋባት፤ ሁለት ቦታ አጥፋ አስገባችው። አልከለከልኳትም። ያ ባዶ ቦታ አናዶኝ ነው? ወይስ የሚጠፋብኝ መስሎኝ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከአምስት ወር በኋላ በአውቶቡስ መጡ። ልጃቸው በባሏ በኩል እስራኤል ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ግን የጉዞ ፋይላቸው እየተከፈተ እየተዘጋ ቀርተዋል። አሁን ጉዳዩን የያዘው ቢሮ ወንድምዎ በእጁ የጻፈው የዘር ቆጠራ ካለ ዋናውን ያምጡ፣ ቀለሙንና ወረቀቱን አይተን ከፋይሉ ጋር እናያይዘዋለን ብሏቸዋል። ማንበብ አይችሉም። ሉኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፕላስቲኩን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«እንዴት አሳምረሽ ይዘሽዋል፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ልጨምርልዎ አልኩ።

ከጀሞ ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን። የተቀበለን ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና ዝግ ባለ ድምፅ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ላሚኔት ተደርጓል። ባለሙያው ወረቀቱን መንካት፣ ቀለሙን ማየት አለበት። ኦርጅናሉን እንዳለ ነበር የፈለግነው።» አነጋገሩ ከኔ የተሻለ ነበር። ቀጣዩን ተረኛ አልጠራብኝም።

«ምን አለ?» አሉ አክስቴ ደረጃውን ስንወርድ።

«ሌላ ቀን ኑ ነው ያለው።»

እሑድ ከሰዓት እሳቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ ጓዳ ገብቼ ካውያ አጋልኩ። ፕላስቲኩ በጨርቅ ላይ ቢተኮስ ይለቃል ብሎኛል አንድ የቢሮ ባልደረባዬ። ለቀቀ። ቀለሙንም ይዞ ለቀቀ። የአባቴ ጽሕፈት ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ ተገልብጦ ተጣበቀ። የአክስቴ ስም ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ የልጃቸው ደግሞ ማጠፊያው ላይ ስለነበር ከሁለቱም የለም። ካውያውን ነቅዬ ቆምኩ። ምንም አልተሰማኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ወደ ልጁ ቢሮ ሄድኩና ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ልጁ ለረጅም ጊዜ አየው። ፋይላቸው ያለዚህ እንደሚቀርብ፣ ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ ግን ስለሌላቸው ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ለቡ መብራት ኃይል ላይ ታክሲ ስጠብቅ ሦስት ባዶ ታክሲ አሳለፍኩ። ቤት ገብቼ የምለውን አላገኘሁም ነበር።

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጫማዬን ሳላወልቅ ፊታቸው ቆምኩ።

«አክስቴ፣ ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንደማይቀበሉት አውቅ ነበር፤ ሥራዬ ነው። ልለየው ብዬም ጨርሶ ጠፋ። ያለሱ ፋይልዎ ብዙ ተስፋ የለውም ብለዋል።»

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስሩን መልቀማቸውን ቀጠሉ። ከታች የታክሲ ረዳቶቹ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ እያሉ ይጠራሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያለቅሱም ይሻለኝ ነበር።

«ደብተር አለሽ?» አሉ።

አመጣሁ።

«እንግዲያው እኔ ልቁጠር፣ አንቺ ጻፊ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ ጀመሩ። ድምፃቸው አይቸኩልም፣ አይሰናከልም። ወንድሙን ከእህቱ፣ በልጅነቱ የሞተውን ከወለደው እየለዩ ወረዱ። እየጻፍኩ ሳለሁ ይህ ወረቀት የትም መስኮት ላይ እንደማይቀርብ፣ ማንም እንደማይቀበለው አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሰባቱን ቤት ጨርሰው አባቴ ላይ ደረሱ። ጻፍኩት። ራሳቸውን ተናገሩ፤ ጻፍኩ። ልጃቸውን ጠሩ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ስሟን ደገሙት። ጻፍኩ።

«ከወንድሜ ደግሞ» አሉና የኔን ስም ጠሩ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። «አክስቴ፣ እናቴ እኮ ክርስቲያን ናት። አባዬ ራሱ አልጻፈኝም።»

«እሱማ ፈርቶ ነዋ» አሉ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ያንቺን ስም ቢያዩት ቆጠራውን ሁሉ ይጠራጠሩታል፣ እኔንም ያስቀሩኛል ብሎ ነው። እኔው ነኝ አትጻፋት ብዬ የለመንኩት።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«አሁንማ ቀርቼ የለ። ጻፊው።»