የምታፏጨው መኪና

በአሰበ ተፈሪ የሚወራውን ካመንን፣ በአንድ ሰውዬ አሮጌ ባለቱርቦ ስቴሽን ዋገን ኮፈን ሥር የሟች ወንድሙ መንፈስ ተቀምጦ ያፏጫል። ፉጨቱን የሰሙ አህዮች ጭነታቸውን ጥለው እስከ በደሳ ሸሽተዋል ይባላል።

ከወህኒ ቤቱ ግንብ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ዘይቱና ግን ወሬውን አልዋጠችውም። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት መንፈስ አታውቅም።

ሰውዬው የመኪናዋን የኋላ በር በልብስ ገመድ አስሯል፤ ከካኪ ኮቱ የጎደሉትን ቁልፎች በብሎን ተክቷል። ያልጠገነው ነገር የለም። በጎማ ቁራጭ የጠቀለለውን የቱርቦ ቧንቧ ግን ግንቡ አጠገብ ሲደርስ ወርዶ ያላላዋል። ነዳጅ ሲሰጣት መኪናዋ ታፏጫለች። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። የኋላ ወንበሩ ላይ፣ ዘበኞቹ ከክረምት ወዲህ አንቀበልም ያሉት የታሳሪ ወንድሙ የስንቅ ሳህን በጨርቅ እንደታሰረ ተቀምጧል። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ዘይቱናም እንደ ከተማው ሁሉ ታውቃለች።

«አቦ፣ ቧንቧዋን ለምን አታጠብቃትም?» አለችው ሻይ ስታቀብለው። «የወንድምህ መንፈስ ነው የሚያፏጨው እያሉህ ነው።»

«መንፈስ የለም» አለ፣ ዓይኑን ከግንቡ ሳይነቅል። «ቱርቦውን የገጠመው ወንድሜ ነው፤ ድምፁን ያውቀዋል። መምጣቴን እንዲሰማ ነው የማላላው። የሞተም ሰው የለም።»