ምኑን ነው የተቀበሉት?

ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮተቤ ስማር ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ፤ መምህሩ ራሱ ልጄ ይሆናል። የመጨረሻው ኮርስ የቡድን ሥራ ነበረው፦ አንድ የውጭ ጉብኝት መርጣችሁ የአገራችን መሪ የውጭ ግንኙነቱን እንዴት እንደያዙት ገምግሙ። ቡድናችን ሦስት ሰው ነው፤ ውጤቱም ለሦስታችን አንድ ነው።

አንዱ የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ ሌላዋ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ወጣት። የመረጥነው ጉብኝት ዓላማው ግልጽ ነበር፤ መሪው በሄዱበት አገር የታሰሩ ወገኖቻችን እንዲለቀቁ መጠየቅ። ረቂቁን የወረዳው ሰው ጽፎ መጣ። ማጠቃለያው «አስተናጋጆቹ በሙሉ ክብር ተቀብለዋል፤ ጉብኝቱ ተሳክቷል» ይላል።

«ምኑን ነው የተቀበሉት?» አልኩት።

«መሪውን ነዋ፣ ማዘር! ቀይ ምንጣፉን፣ ማርሹን አላዩም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ጥያቄውንስ ተቀበሉ?»

ቅመም ሻጯ ሳቀች። «ሠርግ እኮ ነው የገመገምከው! የወጡ ዓይነት ብቻ ቀረህ።»

እኔ አልሳቅኩም። እንጦጦ ግርጌ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ልጇ እዚያ አገር ታስራለች። ዜናው «ተቀበሉ» ሲል እልል ብላ፣ የልጅቷን አንሶላ አጥባ አጥሬ ላይ አስጥታ ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ የወጣውን መግለጫ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። «በጉዳዩ ላይ ተመካክረዋል» ይላል። ይለቀቃሉም አይልም፣ አይለቀቁምም አይልም።

«አልተሳካም ብለህ ጻፍ አላልኩህም» አልኩት። «መሪው ምን ጠየቁ፣ ምን አገኙ፣ የቱ ገና አልታወቀም፤ ይኼን ለይተህ ጻፍ።»

«አልታወቀም የሚባል ግምገማ አለ እንዴ?»

«የምታውቀውን ብቻ ስትጽፍ አለ።»

«ማዘር መዝገበ ቃላት ይዘው ነው የሚዞሩት» አላት ለጓደኛችን። ቢሆንም እጁን ሰጠ። ይኼን የሚለየውን ዓረፍተ ነገር ራሴ ጻፍኩት፤ አትሞ ሊያስገባ ይዞት ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ ዓረፍተ ነገሬ የለም። «በሙሉ ክብር» የሚለው ላይ «እጅግ» ተጨምሮበታል። ዳር ላይ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም ትንታኔ» ብሎበታል።

«ገጽ ሞላብኝ» አለ የወረዳው ሰው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ወረቀቱን ይዤ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። የጎደለውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ነገርኩት። በትሕትና አዳመጠኝ።

«እማማ፣ በጥሩ ውጤት አልፈዋል እኮ። ምን ጎደለብዎ?»

«ግምገማው» አልኩት።

ፈገግ አለና ተራዋን እየጠበቀች በሩ ላይ የቆመችውን ተማሪ «ግቢ» አላት።