ምስማር የተቀበረበት የገና ዱላ

ትናንት፣ የገና ለት፣ ከምሳ በኋላ ነው... ከባቡር ጣቢያው በታች ወዳለው ሜዳ ወረድኩ። የኛ የጣቢያ ሰፈርና የገበያ ሰፈር በየዓመቱ እሩር በዱላ እየመቱ ገና የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። እኔ እንኳ ጨዋታ አላይም። በዓል ሲሆን ዳዊቴን ይዤ ቤቴ መዋል ነው ልማዴ። ልጄ ዘውዱ ወገቡን የሚያስርበትን መቀነት ረስቶ ስለወጣ ላቀብለው ብዬ ነው የሄድኩት።

በግራሩ አጥር ጀርባ ሳልፍ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዱን በድምፁ አወቅሁት፤ የገበያ ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ ነው።

«ዘውዱን ከሜዳ ያስወጣልኝ ሰው ይህን ቡልኮ ይለብሳል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጉልበቱን ነዋ! እሩሩን የሳተ መስሎ ጉልበቱን ማለት ነው። ይህም ይጠየቃል?»

ተሳሳቁ... እኔ ግን አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እሾሁ መዳፌን መውጋቱን እንኳ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ዝም ማለት በማይገባኝ ቦታ ዝም ብዬ አውቃለሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ጨዋታውን ወደሚጠብቁት የሰፈራችን ዳኛ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«እመት ወለቴ፣ ዛሬ እኮ ገና ነው» አሉኝ እየሳቁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም? ዛሬ ጌታና ሎሌው እኩል ይማታል። እግር ቢሰበር ወጌሻ ይጠራል እንጂ ዳኛ አይጠራም።»

ወደ ልጄ ሮጥኩ። ከጓደኞቹ መሀል ጎትቼ አወጣሁትና የሰማሁትን በጆሮው ነገርኩት። «ዛሬ አትጫወት፣ በማርያም ይዤሃለሁ» አልኩት።

ይደነግጣል ብዬ ነበር... ሳቀ።

«አውቃለሁ እማዬ። እነሱ ቡልኮ ካሉ እኛ ደግሞ ደምሴን ለሚያስወጣ ሙክት ቆርጠናል።»

ደምሴ የገበያ ሰፈሮች የሚመኩበት ሯጭ ነው። አምና ነው ያገባው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

«ደምሴን የሚመታው ማነው?» አልኩት።

ዱላውን አዙሮ አሳየኝ። ቆልማማው ጫፍ በጠፍር ተጠቅልሏል። በአውራ ጣቱ ጠፍሩን ገለጥ ሲያደርገው ሹላቸው ወደ ውጭ የዞረ ምስማሮች አየሁ።

«እኔ ነኛ» አለኝ።

ልለምነው አፌን ስከፍት እሩሩ ተጣለ፤ ዘውዱም መቀነቱን ከእጄ ነጥቆ ገባ።

ያን ጊዜ የታሰቡኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ... አዮ ሎሚ። ከአዋሽ ማዶ፣ ከአርሲ የመጡ አሮጊት ጎረቤቴ ናቸው፤ «አዮ» በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄዋን ይዛ በሚጣሉ ወንዶች መሀል ከቆመች፣ እሷን አልፎ የሚመታ ወንድ የለም። ቢገኝ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ይረግሙታል።

ቤታቸው ለሜዳው ቅርብ ነው። በሩ ላይ ደርሼ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። እሳቸው ግን ወዲያው ሲንቄያቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱ።

«ልጅሽን መቱት?» አሉኝ።

«አልመቱትም... ልጄ ሰው ሊገድል ነው!»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴኑ አስፈራኝ።

ስንደርስ ሜዳው በአቧራ ተሸፍኗል። ደምሴ ወድቆ በክርኑ ሊነሳ ይፍጨረጨራል። እሩሩ እዚያ አልነበረም፤ በወዲያኛው ጫፍ ሌሎቹ ይሻሙበታል። ዘውዱ ግን ወደ እሩሩ ዞሮም አላየ። ዱላውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ደምሴ ላይ ቆሟል። ያነጣጠረውም ጉልበቱን አልነበረም... ጭንቅላቱን ነው።

አዮ ሎሚ ሲንቄያቸውን አግድም ይዘው በሁለቱ መሀል ገቡ።

«ዲሲ! ተው!»

የአርሲ ተወላጅ የሆኑት ተጫዋቾች ከሁለቱም ወገን ዱላቸውን እዚያው ጣሉ። ሌሎቹ ግራ ገባቸው። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ አሮጊቷን አውጡልን! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ጮኸ።

አዮ ሎሚ ዞረውም አላዩት።

«ጌታ አይቆጣ ይሆናል» አሉ። «እኔ ጌታ አይደለሁም። እናት ነኝ፤ እቆጣለሁ!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዘውዱ ግን አልሳቀም፣ ዱላውንም አላወረደም። ዓይኑን አየሁት... በልጅነቱ ወተት እያጠጡ ያሳደጉትን ሴት የሚያውቅ ዓይን አልነበረም። ዱላው ለመምታት ወደ ኋላ ሲሳብ አየሁ።

«ዘውዱ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የጮህኩት እኔው ነበርኩ።

አዮ ሎሚ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ሲንቄዋም አልተንቀጠቀጠችም። ዘውዱ ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደው። ማንንም ሳያይ ከሜዳው ወጣ። ደምሴን ደግፈው አነሱት፤ ቁርጭምጭሚቱ ከመዞሩ በቀር ደህና ነው። በገና አይቆጡም ያሉኝ ዳኛ «ጨዋታውን አበላሻችሁት!» ብለው ተቆጥተው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ዘውዱ ቁርሱን እንደወትሮው በላ። ከዚያ በር ላይ ተቀምጦ፣ ያን ዱላ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የላላውን ጠፍር ማጥበቅ ጀመረ።

«ምን ሊያደርግልህ ነው?» አልኩት።

«ለከርሞ» አለኝ... ቀና ብሎም አላየኝ።

እስከ ትናንት የምፈራው ለልጄ ነበር። ዛሬ ልጄን ፈራሁት።