ብርኽቲ ያቆመቻት ጫጩት

ባለፈው ሳምንት ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ሱቅ ፕላስተር ስገዛ ባለሱቁ እጄንም ፊቴንም አየና «ምን ሆንክ?» አለኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም። ለጫጩት ነው አልኩት። ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ፕላስተሩን እንደያዝኩ ግን ብርኽቲ ትዝ አለችኝ፤ እስከ ሰፈራችን ሓድነት ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

ብርኽቲ ታላቅ እህቴ ናት። ነበረች ማለት አለብኝ። ዘንድሮ ታማ አጣናት። «ነበረች» ማለትን ገና አልለመድኩትም። ስለ ሕመሟ አልጽፍም፤ ስለ ጫጩቷ ነው የምጽፈው።

ያኔ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እሷ ሰባተኛ። እናታችን ቀይ ዶሮዋን እንቁላል አስታቅፋ ነበር። በዚያው ሰሞን ለሳሎናችን አዲስ የወለል ፕላስቲክ ተገዛ፤ አበባ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ። ጎረቤት ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባ ነበር። ከእሱ ቁራጭ ተረፈ፤ እናቴ ለመጣል አልጨከነችም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ከጭዱ ላይ አነሳቻቸውና ቁራጩን ባነጠፈችበት ካርቶን ውስጥ ከነእናታቸው አስገባቻቸው። «ንጹሕ ቦታ ይደጉ» አለች። ደስ ብሏት ነበር።

የጫጩቶቹ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሲደርቁ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥጥ ይሸቱ ነበር። እናቴ አንድ አንድ ምረጡ አለችን። እኔ ጥቁሩን አፈፍ አደረግሁት። ብርኽቲ ግን ጥግ ላይ በሆዷ የተኛችውን ቢጫዋን አነሳች። ሁለቱ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተዋል። ልትነሳ ስትሞክር ይንሸራተቱባታል። የአንደኛው እግሯ ጣቶች ደግሞ እንደ ጡጫ ተጨብጠው ነበር።

«ይቺ አትሆንም፤ ለድመት ናት። ሌላ ውሰጂ» አለች እናቴ።

«ምረጡ አልሽ፣ አደይ። መረጥኩ» አለች ብርኽቲ፤ እናታችንን «አደይ» ነው የምንላት።

«እስከ ቅዳሜ ካልቆመች ግን እጥላታለሁ። ስትሰቃይ ማየት አልችልም።»

እትዬ ዘይነብ ከወሎ የመጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ ዶሮ ይሸጣሉ። አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። «ወላሂ፣ የኔ ዓለም፣ ስንቱን ዶሮ ሸጫለሁ፤ እንዲህ የተከፈተ እግር ሲቆም አላየሁም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ጎበዝ፣ ያንተን ለበዓል ትሸጥልኛለህ?» ብለው አሾፉብኝ። ጥቁሩን ሸሚዜ ውስጥ ደበቅሁት።

ብርኽቲ ግን ጣቷን በካርቶኑ ፕላስቲክ ላይ ደጋግማ አንሸራተተችው። ቀጥላም «ሓወይ» አለችኝ፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ ሁልጊዜ «ወንድሜ» ነበር የምትለኝ። «ካልሲህን አድርግና ሳሎን ውስጥ ሩጥ።» ሮጥኩ። እግሬ ለሁለት ተከፍቶ አዲሱ ወለል ላይ ተዘረርኩ። እትዬ ዘይነብ በሳቅ ፈነዱ።

«አየሽ፣ አደይ? ወለሉ ነው የጣላት!»

ፕላስቲኩን አውጥታ ሻካራ ኬሻ አነጠፈች። ፕላስተር በቀጭኑ ቆረጠች። እኔ ጫጩቷን ያዝኩ፤ እሷ ሁለቱን እግሮች አቀራርባ፣ በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት ትታ አሰረቻቸው። «እንደ እንቁላል ያዛት። ላላ አድርገን ነው የምናስረው፤ ከጠበቀ ደም አይደርሳትም» ትለኝ ነበር። የተጨበጡትን ጣቶች ደግሞ ከፓስታ ካርቶን በቆረጠችው ቁራጭ ላይ ዘርግታ በፕላስተር ለጠፈቻቸው። እትዬ ዘይነብ «ጫማም ገዛችላት!» አሉ።

ጫጩቷ መጀመሪያ በአፍጢሟ ተደፋች። ብርኽቲ አቆመቻት። ደግማ ተደፋች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን እንኳ ሳናወርድ ወደ ካርቶኑ ነበር የምንሮጠው። ውኃ በቆርኪ እናጠጣታለን፣ ፕላስተሩ እንዳይጠብቅባት እያየን እንቀይራለን።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ መጥታ ቆመች። ብርኽቲ ፕላስተሩን ቀስ አድርጋ ፈታች። ጫጩቷ ተንገዳገደች። ከዚያ ክንፏን አርገፍገፍ አድርጋ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ ኬሻውን አቋርጣ እናቷ ክንፍ ሥር ገባች። እናቴ ያን ለመጣል ያልጨከነችበትን ባለ አበባ ቁራጭ አንስታ ሄዳ ከበር ውጭ ጣለችው።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘይነብ አንዲት ጫጩት በነጠላቸው ጠቅልለው መጡና «ሐኪሟ አለች?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ይላት ነበር። እየመራሁ የማስገባው እኔ ነበርኩ። «እህቴ ናት» እላቸዋለሁ፣ ሳይጠይቁኝ።

አሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ጫጩት አሳድጋለሁ። የሚያሞቃቸው አምፖል ነው፤ እናት ዶሮ የላቸውም። ባለፈው ሳምንት ካመጣኋቸው አንዱ እግሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ያኔ ሁለት ነበርን፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያስራል። አሁን ብቻዬን ፕላስተሩን በጥርሴ ይዤ ስታገል እናቴ መጣች። ሳልጠይቃት ጫጩቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። እንደ እንቁላል ያዘችው።

«ላላ አድርገህ እሰረው፣ ወደይ፣ ልጄ። ከጠበቀ ደም አይደርሰውም።»

ቀና ብዬ አላየኋትም። አሰርኩት።

ዛሬ ጠዋት ጫጩቱ ቆመ። እትዬ ዘይነብ በአጥሩ በኩል አይተው «ደግሞ ይሄንን ማን አቆመው?» አሉ።

«ብርኽቲ ናት» አለች እናቴ።